ኤደን፣ ናይጄሪያና አንድ ጭብጥ ሰርዶ

ቲቸር አዱኛን ያገኘችው አህያ ነች፤ ሰው እንዳይመስላችሁ። ባለቤቷ በማለዳ ውሃ ሊያጠጣት ወደ ሁሉቃ ወንዝ ሲነዳት፣ ድልድዩ ስር ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ገፋት፣ ሰደባት፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ለመናት፤ ወይ ፍንክች! ኋላ ጎንበስ ብሎ ቢያይ ባህር ዛፉ ስር አንድ ሰው በጀርባው ተዘርሯል። ሙሉ ልብስ፣ ከረባት፣ የተወለወለ ጫማ። ከጭንቅላቱ ስር ያለው ድንጋይ በደም ጠቁሯል። ሰውዬው አህያዋን እዚያው ጥሎ እግሬ አውጪኝ ወደ ፖሊስ ጣቢያ።

ሃምሳ አለቃ ተሬፋ ጉርሙ እያነከሰ ደረሰ። ቆስሎ አይደለም። ሸማቾች ሱቅ የመጣው ጫማ ቁጥር አርባ ብቻ ስለነበር፣ አርባ ሁለት ቁጥር እግሩን አርባ ውስጥ ከቶ "ይሰፋል" እያለ ሁለት ወሩ። የአምቦ ሰው የምርመራ ሹሙን ከሩቅ የሚለየው በማነከሱ ነው። ሌባውም እንደዚያው።

"ሞቷል?" አለ።

አስር አለቃ ኩምሳ፣ ጡረታ ሊወጣ አራት ወር የቀረው ሽማግሌ፣ ተንበርክኮ ጆሮውን ሰውዬው ደረት ላይ ለጠፈ።

"ዝም በሉ እስቲ! አህያዋንም ዝም አሰኟት! ... አለ! ኧረ ይተነፍሳል! ዋቃዮ፣ አለ!"

ቃሬዛው እስኪመጣ ተሬፋ ኪሱን ፈተሸ። ሰዓቱ እጁ ላይ አለ። ቦርሳው አለ። ደረት ኪሱ ውስጥ ሁለት ደብዳቤዎች ተጣጥፈው አሉ። እነዚህን ደብዳቤዎች ለማወቅ ማንበብ አያስፈልግም፤ አምቦ ውስጥ የማያውቃቸው ቢኖር ያችው አህያ ነች። አዱኛ ቀንዓ የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነው። አንደኛው ደብዳቤ ከመንግሥት ነው፤ ባህር ተሻግሮ ኤደን ከተማ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ እንዲያስተምር፣ ዋስ ጠርቶ፣ ሲጨርስ እንዲመለስ። ሌላው ራሱ ጽፎ ያገኘው ነው፤ ናይጄሪያ፣ ደሞዙ እጥፍ፣ ተመለስም አትመለስም የሚለው የለም። ለሁለቱም መልስ የሚሰጥበት ቀን ይሄ አርብ ነበር። ከተማው በሁለት ቡድን ተከፍሎ ነበር፤ ኤደን ባይና ናይጄሪያ ባይ። ጠጅ ቤት ውስጥ ናይጄሪያን በጭራሽ በካርታ አይቷት የማያውቅ ሰው ስለናይጄሪያ ተደባድቦ ጥርሱ ረግፏል።

ሲያነሱት ተሬፋ ጀርባው ስር አንድ ነገር አየ። ሳር ነው፤ አንድ ጭብጥ ሰርዶ፣ እርጥብ፣ አረንጓዴ፣ የተጨፈለቀ።

"የአህያዋ ነው" አለ ኩምሳ።

"አህያ ሳር ካገኘች ትበላለች እንጂ ሰው ጀርባ ስር ትደብቃለች?"

ዙሪያውን አየ። ባህር ዛፍ ስር ምን ይበቅላል? ምንም። ደግሞስ በየካቲት፣ አገር ምድሩ ተቃጥሎ ሳለ፣ ይሄ ልምላሜ ከየት መጣ? መልሱን አላወቀም። ሳሩን ግን ፖስታ ውስጥ ከቶ ኪሱ አኖረው።

ጣቢያ ሲመለስ ጉዳዩ አልቆ ጠበቀው። የአውራጃው ካድሬ ጓድ አመዩ የተሬፋ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተሬፋን ሻይ ይጠጣል።

"ወንጀለኛው ተይዟል፣ ጓድ ሃምሳ አለቃ። ጉታ ነው።"

"የቱ ጉታ? ቲቸር ጉታ?"

"እሱው። የኤደኑ ተጠባባቂ። አዱኛ ከቀረ እሱ ይሄዳል። ሰኞ ዕለት አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ 'ኤደንን የምትረግጣት በሬሳዬ ላይ ተራምደህ ነው' ብሎታል። የሰማ ሰው አለ። አዱኛ ትናንት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ከዚያ አልታየም። ጉታን ደግሞ ዛሬ ጠዋት ውጭ አድሮ አቧራ በአቧራ ሆኖ ወደ ከተማ ሲገባ ያዝነው። የወዳጅ አገር ትብብር ማደናቀፍ፣ ፀረ አብዮት ሴራ። አርብ ስድስት ሰዓት መኪናዋ ትመጣለች።"

ስለመኪናዋ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። አረንጓዴ ላንድሮቨር ነች። ስትመጣ ከአዲስ አበባ ትመጣለች፣ ስትሄድ ወደየት እንደምትሄድ የጠየቀ የለም። እሷ ላይ ሲሳፈር የታየ ሰው አለ፤ ከሷ ሲወርድ የታየ ግን አልተወራም።

"እስከ አርብ ግን ምርመራው የኔ ነው" አለ ተሬፋ።

"መርምር" አለ አመዩ፣ ሻይውን ጨልጦ። "መርምረህ ጉታ መሆኑን ድረስበት።"

ተሬፋን ያሳሰበው ሌላ ነገር ነው። ቲቸር ጉታ የማታ ትምህርት አስተማሪው ነው። ስምንተኛ ክፍልን ካላለፈ መቶ አለቃ አይሆንም፤ ጉታ ደግሞ በእንግሊዝኛ ሁለት ጊዜ ጥሎታል። ባለፈው ሠላሳ ስምንት ከመቶ። ጉታ መኪናዋ ላይ ከወጣ አምቦ ምን ይላል? "ሃምሳ አለቃ ውጤቱን አስተካከለ" ይላል። ልጆቹም የሚሰሙት ይሄንኑ ነው።

ጉታ እስር ክፍሉ ውስጥ እግሩን አጣምሮ ልክ ፈተና እንደሚጠብቅ ሰው ተቀምጧል።

"ቲቸር፣ ትናንት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የት ነበሩ?"

"አልናገርም።"

"ቲቸር፣ እባክዎን። አርብ መኪናዋ ትመጣለች።"

"ተሬፋ፣ የቤት ሥራህን ሠርተሃል?"

በሩ ላይ የቆመው ኩምሳ ሳቁን ለመዋጥ ሳል በሳል ሆነ። እንዲህ ያለ ምርመራ አይቶ አያውቅም፤ መርማሪው "እርስዎ" ይላል፣ እስረኛው "አንተ" ይላል።

"'በሬሳዬ ላይ' ብለውታል?"

"ብዬዋለሁ። ቀንቼ ነበር። ሁለት ዓመት ደብዳቤ ስጽፍ ኖሬ እኔን ተጠባባቂ፣ እሱን አማራጭ በአማራጭ! አንዷን ልቀቅልኝ አልኩት፣ ሳቀብኝ። ግን ተሬፋ፣ ግዴለህም፣ እኔ ሰው ልመታ? ጠመኔ እንኳን ስወረውር ተማሪ ስቼ ነው።"

ተሬፋ ሱሪውን አየ። ጉልበቱ ውስጥ ውስጡን ቡናማ የፈረስ ፀጉር ተለጥፏል።

"ፈረስ ጋልበዋል። የት ነው የሄዱት?"

የጉታ ፊት በርበሬ መሰለ። አንገቱን ደፋ። ከዚያ በኋላ ቢለምነው፣ ቢቆጣው፣ ድምፁ አልተሰማም። የአህያዋ ወንድም ሆነ።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተሬፋን በፈገግታ የተቀበለችው አንድ ሰው ብቻ ነች፤ ጸሐፊዋ አረጋሽ። ቀጭን፣ ጣቶቿ በካርቦን የጠቆሩ፣ የማንም ሰው ወረቀት የት እንዳለ አይኗን ጨፍና የምትነግር ልጅ። ሻይ አስመጣችለት። ጫማውን አይታ ወንበር ሳበችለት።

"ያውልቁት ሃምሳ አለቃ፣ እዚህ ማን ያይዎታል?"

ከልቡ አመሰገናት። አወለቀው። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ከውጭ የምትንጠባጠብ ቧንቧ ድምፅ ይሰማል፣ ጠብ ጠብ።

"ጉታ ሲዝት የሰማሁት እኔ ነኝ" አለች። "ውሸት አልናገርም። ግን እሱን ብቻ አይያዙ። የአዱኛን ዋስ ጠይቀዋል?"

"ማነው ዋሱ?"

"ድሬሰር ፈየራ። ኤደን ደርሶ ይመለሳል ብሎ የፈረመለት እሱ ነው። አዱኛ በኤደን ስም ወጥቶ ናይጄሪያ ቢቀር፣ በሱ ፈንታ የሚታሰረው ማነው? ፈየራ። አራት ልጆች አሉት።"

ተሬፋ ሁሉንም ጻፈ። ማን የት እንደነበር ጠየቃት፤ የዳይሬክተሩን፣ የዘበኛውን፣ የጉታን፣ ሁሉንም ነገረችው። ሻይው ጣፋጭ ነበር።

ድሬሰር ፈየራ ክሊኒኩ በር ላይ ሕፃን ይወጋል። ሕፃኑም እናቱም ያለቅሳሉ።

"አካም ቡልቴ፣ ኦቦ ተሬፋ።"

"ደህና አደርን፣ ኦቦ ፈየራ። ማክሰኞ የት ነበርክ?"

"ባኮ። ክትባት። ዛሬ ረቡዕ ጠዋት ነው የገባሁት።"

አልተርበተበተም። ተሬፋም አላመነውም፤ እንዲሁ። ሐሙስ ጠዋት ኩምሳን ይዞ ጉደር ኬላ ወረደ። የኬላው ጠባቂ ተሳፋሪ የሚመዘግብበትን ደብተር ገለጠላቸው። ያው፣ ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከባኮ የመጣ አውቶቡስ፣ ተራ ቁጥር ሃያ ሁለት፤ ፈየራ። ከጉደር አምቦ ደግሞ ቅርብ ነው። ለአመሻሽ ወንጀል ጊዜ ተርፎት ሻይም ይጠጣል።

"ያዝነው!" አለ ኩምሳ። "ዋሱ ነው!"

ተሬፋ ክሊኒኩ ተመልሶ በሩን ዘግቶ ፈየራ ፊት ቆመ።

"ዋሽተኸኛል። ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ጉደር ነበርክ።"

ፈየራ መርፌውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

"ነበርኩ። እዚያው አመሸሁ፣ እዚያው አደርኩ።"

"የት?"

"ሰው ቤት። ስምንት ነበርን።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ወዲህ የት እንጸልይ? መዝሙሩን እንኳ በሹክሹክታ ነው የምንለው፤ እንደ ንብ።"

ይሄ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ተሬፋ እርሳሱን አወጣ።

"ስማቸውን ንገረኝ። ከአንዳቸው ካላጣራሁ አላምንህም።"

"አልነግርህም።"

"ፈየራ፣ አርብ መኪናዋ..."

"ኦቦ ተሬፋ" አለ ፈየራ፣ በሀዘን ዓይን እያየው፣ "ሚስትህ ዳዲ ማክሰኞ የት አመሸች?"

ተሬፋ አፉን ከፈተ። ዳዲ "አክስቴ አሟታል፣ ጉደር አድሬ እመጣለሁ" ብላው ነበር። አክስትየዋ በዚህ ዓመት ስትታመም አሥረኛዋ ነው፤ ጤነኛ በሽተኛ። አፉን ዘጋ። የጻፈበትን ገጽ ከደብተሩ ቀደደና አጣጥፎ ጫማው ውስጥ ከተተው፤ ድሮም ቦታ አልነበረው።

"ምን አለ?" አለ ኩምሳ ውጭ ሲጠብቀው።

"ባኮ ነበር።"

"ደብተሩስ?"

"ሌላ ፈየራ ነው። ስንት ፈየራ አለ አገሩ ላይ።"

ኩምሳ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ሁሉንም አይጠይቅም።

ሐሙስ ከሰዓት ጓድ አመዩ የጉታን ስም በቀይ የተጻፈ አቃፊ ላይ አስፍሮ ጠረጴዛው ላይ ወረወረለት። "ነገ ስድስት ሰዓት። ፊርማህ ብቻ ነው የቀረው።" አዱኛ እንደሆነ ሐኪም ቤት ዓይኑን እንደጨፈነ ነው። ተሬፋ ብዕሩን አንስቶ አስቀመጠ፣ አንስቶ አስቀመጠ።

በሩ ተንኳኳ። የጉታ እናት፣ እማማ ጌጤነሽ ነበሩ። ምንም ሳይናገሩ ገቡ፣ ምንም ሳይናገሩ ተንበረከኩ፣ በሁለት እጃቸው የያዙትን እርጥብ ሳር ተሬፋ እግር ስር አስቀመጡ።

"ማሎ ልጄ! ማሎ! ልጄን ለዚያች መኪና አትስጥብኝ።"

"ኧረ እማማ፣ ይነሱ፣ ነውር ነው..."

"አልነሳም። ልጄ ሰው አልመታም። ማክሰኞ ወንጪ ነበር።"

"ወንጪ ምን ሊሠራ?"

ሴትየዋ ወደ በሩ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ቃልቻ ጋ። አዱኛ የቱን እንደሚመርጥ ሊያስጠይቅ። ናይጄሪያን ከመረጠ ኤደን ለኔ ልጅ ትተርፋለች ብሎ። ነጭ ዶሮ ይዞ በፈረስ ሄደ፣ አድሮ መጣ። አሁን ሰው ይስቅብኛል ብሎ ከሚናገር መሞት ይሻለዋል። ያቺን የውይይት ክበብ እየሰበሰበ 'ጥንቆላ ኋላቀርነት ነው' የሚለው እሱ አይደል?"

ኩምሳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ተሬፋ ግን አልሳቀም። ሳሩን እያየ ነው። ጭብጥ ሰርዶ። እርጥብ፣ አረንጓዴ፣ ከሥሩ የተነቀለ።

"እማማ፣ ይሄን ሳር ለምን ያዙ?"

"ምን?"

"ለምን ሳር?"

እማማ ጌጤነሽ ቀና ብለው አዩት። "ወይ ጉድ! የደንዲ ገጠር ልጅ ሆነህ እኔን ትጠይቀኛለህ? ያ ጫማ እግርህን ብቻ ነበር የጠበበው የመሰለኝ! እርጥብ ሳር ይዞ የመጣ ሰው ነፍሱን ይዞ ነው የመጣው። አባትህ ቢሆን ይሄን ሳር አይቶ አይራመደውም ነበር።"

ተሬፋ ፖስታውን ከኪሱ አወጣ። የአዱኛ ጀርባ ስር የነበረው ደርቆ ጠውልጓል፤ ግን ያው ነው። ከሥሩ የተነቀለ አንድ ጭብጥ ሰርዶ። ሰውዬው ከመውደቁ በፊት እግሩ ስር ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

"ኩምሳ፣ አዱኛን የመታው ሰው መጀመሪያ ለምኖታል።"

"ማሎ ብሎ?"

"ማሎ ብሎ። ጠላት ድንጋይ ይዞ ይመጣል። ሌባ ባዶ እጁን ይመጣል። ሳር ይዞ የመጣው ሰው ነፍሱ አዱኛ እጅ ላይ ናት። ጉታ ራሱ እንዳለው ቀንቷል፤ የቀና ሰው ይሳደባል እንጂ ሳር አይነቅልም።"

"የማን ነፍስ ነው አስተማሪ እጅ ላይ ያለው? የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ካልሆነ..." ብሎ ኩምሳ አለቃውን አየና ዝም አለ።

ተሬፋ ቁጭ አለ፤ ጫማውን አወለቀ። እግሩ ሲተነፍስ ጭንቅላቱም ተነፈሰ። ከተማው ሁሉ "የት ይሄዳል?" ሲል ከረመ። ኤደን? ናይጄሪያ? ፖሊሱም ያንኑ ሲል ሁለት ቀን አቃጠለ። "መሄዱስ ራሱ ማንን ይጎዳል?" ያለ የለም። የትም ይሂድ የት፣ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ከአገር ሲወጣ ክሊራንስ ያዞራል። ቤተ መጻሕፍት ይፈርማል፤ ስፖርት ዕቃ ክፍል ይፈርማል፤ ሸማቾች፣ ቀበሌ፤ መጨረሻ ላይ...

"መጨረሻ ላይ ማነው የሚፈርመው፣ ኩምሳ?"

"እኛ ነን እንጂ። 'ለማንም ሰው ዋስ አለመሆኑን' ብለን።"

ተያዩ። አዱኛ ኪስ ውስጥ ሁለት ደብዳቤ ነበር። ክሊራንስ ግን አልነበረም።

ተሬፋ በባዶ እግሩ ተነስቶ የራሱን ቁም ሳጥን ከፈተ። መልሱ ሁለት ቀን ሙሉ ከጀርባው ተቀምጦ ነበር። "በሰው ዋስ የተለቀቁ" ይላል መዝገቡ። ጣቱን እያወረደ ሄደ፤ ገጽ ስምንት ላይ ቆመ። ዓብዲሳ ዳባ፣ ከአምና ጀምሮ፣ በፖለቲካ ጉዳይ ታስሮ የተፈታ፣ በየቀኑ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ቀበሌ እየቀረበ የሚፈርም። ዋስ፦ አዱኛ ቀንዓ፣ አስተማሪ። ዋሱ ከወረደና ሌላ ካልተተካ በሦስት ቀን ወደ እስር ይመለሳል።

"ዓብዲሳ ነዋ!" አለ ኩምሳ።

"ሮጠህ የቀበሌውን መዝገብ እይ።"

ኩምሳ ላብ በላብ ሆኖ ተመለሰ። "ማክሰኞ አስራ ሁለት ሰዓት ፈርሟል። ሊቀ መንበሩ ዓይኑ እያየ። ከአስራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ወረፋ ላይ ነበር፤ አርባ ሰው አይቶታል።"

ተሬፋ መዝገቡ ላይ "የቅርብ ዘመድ" የምትለዋን መስመር እያነበበ ነበር። ያነበበውን ስም ደጋግሞ አየው። ጥርሱ ላይ አሁንም የሰውን ሻይ ጣፋጭነት የሚቀምስ መሰለው።

አርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል። ተሬፋ ትምህርት ቤቱ መዝገብ ክፍል ውስጥ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ዛሬ ጫማውን አላወለቀም።

"ሻይ ላስመጣ?" አለች አረጋሽ።

"ዛሬ ይቅር። አረጋሽ፣ አዱኛ ክሊራንስ ማዞር ጀምሮ ነበር እንዴ?"

ጽሕፈት መኪናዋ ቆመች። "ገና ነው። መቼ ወሰነና?"

"የቤተ መጻሕፍቱ ሰውዬ ግን ማክሰኞ ጠዋት ፈረምኩለት አለኝ። ሁለት መጽሐፍም መልሷል።"

"እ... ታዲያ ራሱ ጋ ይሆናላ።"

"ይሆናል።" ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ውጭ ቧንቧዋ ትንጠባጠባለች፤ ጠብ፣ ጠብ። ግቢው በሙሉ ቢጫ ነው፤ ከቧንቧዋ ስር ግን የአንድ ቁርበት ስፋት ያለው ሰርዶ ለምልሟል። መሃሉ ላይ እንደተላጨ ራስ አንድ ቦታ ራቁቱን ቀርቷል። "እኔ እኮ ጅል ነኝ" አለ ሳይዞር። "ረቡዕ ዕለት እዚህ ቁጭ ብዬ ሁሉም ሰው የት እንደነበር ጠይቄሽ ነበር። አንዲት ሰው ረሳሁ። ማክሰኞ ከአስራ አንድ ሰዓት በኋላ አንቺ የት ነበርሽ?"

"እኔ?"

"አንቺ።"

ጽሕፈት መኪናዋ ላይ ያለውን ወረቀት አስተካከለች። ተሬፋ ዞሮ የፋይል መደርደሪያውን ከፈተ። ሁሉም ነገር በቦታው ነው፤ በፊደል ተራ፣ በዓመት፣ በቀለም። "ክሊራንስ፣ 1974" የሚለውን አወጣ። አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት... አሥራ ሰባት። አዱኛ ቀንዓ። የቤተ መጻሕፍቱ ፊርማ፣ የስፖርት ዕቃ ክፍሉ ፊርማ። ጥጉ ላይ የደረቀ የወንዝ ጭቃ።

ጭቃውን በጥፍሩ ነካ አደረገው። ተቀዶ፣ ተቃጥሎ ቢያገኘው ይመርጥ ነበር።

"ለምን አልቀደድሽውም? ይሄ ወረቀት ባይኖር እኮ ምንም አልነበረኝም።"

"ቁጥር አለው" አለች አረጋሽ። እንባዋ ያኔ ወረደ። "ቁጥር ያለው ፎርም ይቀደዳል እንዴ? አሥራ ስድስት አለ፣ አሥራ ስምንት አለ፤ መሃሉን ማን ልበል?"

ከዚያ ሁሉንም ነገረችው፤ ባዶውን ግድግዳ እያየች። ማክሰኞ ፎርሙን ራሷ ጻፈችለት። የመጨረሻው መስመር ላይ፣ "ለማንም ሰው ዋስ አለመሆኑን" የሚለው ላይ ስትደርስ ወንድሟ ዓብዲሳ ትዝ አላት። አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ድልድዩ ስር አግኘኝ አለችው፤ ከሰው ዓይን ርቃ ልትለምነው። ቧንቧው ስር ያለውን ሳር ነቅላ ሄደች።

"'ወንድሜ አንድ ዓመት ሳይሞላው እንደገና ቢገባ አይወጣም፤ ሌላ ዋስ እስካገኝ ሦስት ወር ብቻ ቆይ' አልኩት። 'አርብ ቀኑ ያልፋል' አለኝ። 'ኤደንም ናይጄሪያም አይጠብቁኝም፤ እንዲያውም የቱን እንደምመርጥ ገና አልወሰንኩም' ብሎ ያንን ሊያማክረኝ ጀመረ! ደሞዙን፣ አየሩን። ለኔ እኮ ሁለቱም አንድ ናቸው፣ ሃምሳ አለቃ! ሁለቱም ከርቸሌ ናቸው! ሳሩን እግሩ ስር አስቀመጥኩ። ማሎ አልኩት። ረግጦት ሊያልፍ ሲል ፎርሙን ነጠቅኩት፤ ሊቀማኝ ሲመጣ ገፋሁት። አንዴ ብቻ። የሞተ መስሎኝ ነው የሮጥኩት።"

"ጉታንስ? አርብ መኪናዋ እንደምትመጣ እያወቅሽ?"

"አወቅኩ" አለች። "ከሁሉም ያቺ ናት የምታቃጥለኝ።"

በሩ በኃይል ተከፈተ። ፈየራ ነው፣ ነጭ ጋዎኑን እንደለበሰ፣ እያለከለከ። "ኦቦ ተሬፋ! አዱኛ ዓይኑን ገለጠ! ይናገራል!"

ተሬፋ ሰዓቱን አየ። አራት ሰዓት ሊሆን ነው።

አዱኛ ራሱ በፋሻ ተጠምጥሞ እንደ ቄስ ነጭ ጥምጣም ደፍቷል። ተሬፋ ጎንበስ አለ።

"ማን መታህ?"

አዱኛ ጣሪያውን እያየ "ሳሩን ረገጥኩት" አለ። "ስወድቅ አወቅኩት። አዱኛ፣ ሳር ረገጥክ አልኩ ለራሴ።"

"ዋስትናውስ?"

"ቀኑ ዛሬ ነው አይደል? ልሂድ ብልስ ማን ያስኬደኛል?" ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። "የዓብዲሳ ዋስ ነኝ። ጻፈው።"

መኪናዋ ስድስት ሰዓት ከአምስት ላይ መጣች። ሞተሯ አልጠፋም፤ ሁለቱ ሰዎችም አልወረዱም። ጓድ አመዩ ቀዩን አቃፊ ይዞ ደረጃው ላይ ቆሟል።

"ፊርማህ?"

ተሬፋ ሌላ አቃፊ አቀበለው፤ ተራ ቡናማ። አመዩ እያነበበ ቅንድቡ ወጣ፣ ወረደ።

"በግል ጠብ መገፋፋት... ቀላል የአካል ጉዳት... ምንድነው ይሄ? ሴራው የታለ?"

"የለም፣ ጓድ። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ወንዝ ዳር ተጣሉ፣ ገፋችው፣ ወደቀ። ተጎጂው ቃሉን ሰጥቷል፤ ክስም የለኝም ብሏል። እዚሁ አምቦ የሚታይ የመንደር ጉዳይ ነው። ለዚህች መኪናዋን ነዳጅ ካስጨረስናት በላይ ያሉት ይስቁብናል።"

ያቺ "ይስቁብናል" ሠራች። አመዩ ቀዩን አቃፊ ብብቱ ስር ወተፈና ወደ መኪናዋ ወረደ። ምን እንዳላቸው አልተሰማም። መኪናዋ ዞረች። ድልድዩን ተሻግራ አቧራዋ እስኪጠፋ ድረስ ጣቢያው ውስጥ የተነፈሰ ሰው አልነበረም። ኩምሳ መጀመሪያ ተነፈሰ፤ እንደ ፈረስ።

ጉታ ሲፈታ ተሬፋን ቀና ብሎ አላየውም። "ስለ ወንጪው..." አለ።

"የቱ ወንጪ? ፈረሱን ለስፖርት ነው የጋለቡት፣ ቲቸር።"

በሳምንቱ ሰኞ ጉታ ጣቢያ መጣ። ከተማው ሁሉ ሰምቷል፤ ኤደን ተጠባባቂውን ጠርታለች። ተሬፋ ማኅተሙን አዘጋጅቶ ጠበቀው።

"ክሊራንሱን ያምጡ። ቶሎ ልፈርምልዎት። ከርስዎ በኋላ የሚመጣው አስተማሪ ምናልባት ያሳልፈኛል።"

ጉታ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ክሊራንስ አልነበረም። የዋስ ፎርም ነው። ለአረጋሽ ዳባ፣ ጉዳይዋ እስኪታይ በውጭ እንድትቆይ፤ ዋስ፦ ጉታ።

ተሬፋ ሁለት ጊዜ አነበበው። "ቲቸር፣ ይሄን ከፈረሙ እኮ ከአገር መውጣት የለም። ደግሞ እርስዎን እኮ ነው ለመኪናዋ አሳልፋ..."

"አውቃለሁ! አውቃለሁ!" ጉታ ተቆጣ፤ ዓይኑ ግን ቀልቷል። "የአረጋሽ እናት ትናንት እናቴ ጋ መጣች። ባዶ እጇን ብትመጣ ኖሮ በሩን ዘግቼባት ነበር። ሳር ይዛ መጣች። እናቴ ደግሞ በሩ ላይ ቆማ እኔን ታየኛለች። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?"

ተሬፋ ማኅተሙን በቀለም ነከረ።

"ኤደንስ?"

ጉታ በመስኮቱ ወደ ከተማው ፍል ውሃ በኩል አየ። 

"ውሃ የላትም ይባላል" አለ። ብዕሩን ወሰደና በዚያ በሚያምር የአስተማሪ እጁ ፈረመ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። "ፈተናው ሐሙስ ነው፣ ተሬፋ። እኔው ነኝ የማርመው። ሂድና አጥና።"